የሰመጠ ሀብትና የፈላጊዎቹ ማኅበር

ሐዋሳ ውስጥ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የመንገደኛ ሰፈር ነው። ከይርጋዓለም፣ ከአለታ ወንዶና ከዲላ የሚመጣው ይወርድበታል፤ ወደ አዶላና ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ የሚያቀናውም ያልፍበታል። ሦስት አራት ሆኖ ገንዘብ ስለማዋጣት፣ ስለሚቆፈር ጉድጓድ፣ ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት ሄደ ስለሚባል ሣጥን መምከር በእንዲህ ያለ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕር የሰመጠ መርከብ ሀብት ለማውጣት በቡድን መደራጀት ከዚህ የራቀ ይመስላል። መሠረታዊው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ሰዎች ገንዘባቸውን፣ ጉልበታቸውንና መተማመናቸውን አዋጥተው ማንም ያላየውን ሀብት ለመፈለግ ሲነሡ ምን ያጸናቸዋል? ምንስ ያፈርሳቸዋል?

ይህ ዳሰሳ በዓለም የታወቁ የሰመጠ ሀብት ፍለጋዎችን ከራሳችን ታሪክ ጋር አጣምሮ ይመለከታል። አብዛኛው ፈላጊ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሀብቱ የት ነው?» ብሎ ነው። የፍለጋዎቹ ታሪክ ሲታይ ግን የብዙዎቹን ዕጣ የወሰነው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይህን አስቀድሞ የመለሰ ቡድን ሠርቶ በላ፤ ለኋላ ያቆየው ደግሞ ያወጣውን እንኳ ሳይበላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ።

የእኛ ባሕር ምን ይዟል?

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ወደብ አልባ ሆነች። የቀድሞ ታሪኳ አንዱ ክፍል ግን አሁንም በቀይ ባሕር ሥር አለ። የአክሱም ነጋዴዎች በአዱሊስ ወደብ የዝሆን ጥርስ አስጭነው ሲልኩ፣ ከሰሜን የሚመጡት መርከቦች ደግሞ ወይንና ዘይት በሸክላ ዕቃ ሞልተው ያመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኤርትራ ጠረፍ ጥቁር አሳርካ በተባለች ደሴት አጠገብ የዚያ ዘመን መርከብ ቅሪት ተገኘ። በ1997 እ.ኤ.አ. ራልፍ ፔደርሰን የተባለው የባሕር አርኪዮሎጂ ባለሙያ የመራው ቡድን ቦታውን አጠና። በአሸዋው ላይ ተበትነው የተገኙት ዛሬ አቃባ በምትባለው በጥንቷ አይላ የተሠሩ፣ ታቻቸው የሾለ፣ ባለ ሁለት ጆሮ የሸክላ ዕቃዎች ነበሩ። የዚሁ ዓይነት ሸክላ አክሱም ከተማ ውስጥም በቁፋሮ ወጥቷል። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ሊቃውንቱ የዕቃውን ዓይነት «አይላ አክሱም» ብለው ሰይመውታል።

በጥቁር አሳርካ ሣጥን ሙሉ ወርቅ አልተገኘም። የተገኘው፣ አክሱም በባሕር ንግድ ከማን ጋር እንደተሳሰረች የሚናገር ማስረጃ ነው። አንድ ነጋዴ እነዚያን ሸክላዎች ለቅሞ ቢሸጣቸው ኖሮ እያንዳንዱ የሳሎን ጌጥ ይሆን ነበር፤ መርከቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄድ እንደነበረ የሚናገረው ማስረጃም ከቦታው ጋር በጠፋ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ሌላው የሰመጠ ጭነት ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ይያያዛል። ኡምብሪያ የተባለችው የጣሊያን መርከብ ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ጦር በሺሕ የሚቆጠር ቶን ቦምብና ፈንጂ ጭና ትመጣ ነበር። ሰኔ 10 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ መርከቧ በፖርት ሱዳን አቅራቢያ በእንግሊዞች ተይዛ ቆማ ነበር። ካፒቴኗ ጭነቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ በገዛ እጁ አሰመጣት። ዛሬም በውስጧ ያለው ፈንጂ በቦታው ነው፤ ለጠላቂም ለወደቡም አደጋነቱ አላበቃም። የሰመጠ መርከብ ሁሉ ወርቅ አይጭንም፤ አንዳንዱ ሳይነካ መተው ያለበት ሞት ይጭናል።

ጣሊያኖች በሚያዝያ 1941 እ.ኤ.አ. ምጽዋን ከመልቀቃቸው በፊትም ወደቡን ለመዝጋት ብዙ መርከቦችን በተርታ አሰመጡ። በማግስቱ ዓመት የመጣው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ እጅግ አነስተኛ ቡድን ይዞ ሥራ ጀመረ። ጥቂት አሜሪካውያን ጠላቂዎች፣ የጣሊያን እስረኞችና የአካባቢው ሠራተኞች አብረውት ነበሩ። የእንግሊዝ ባለሙያዎች አይነሣም ብለው የተዉትን ትልቁን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በውስጡ የታመቀ አየር በመንፋት አነሡት። ቋንቋቸውና አገራቸው የተለያየ፣ ጥቂቶቹም ትናንት ጠላት የነበሩ ሰዎች በምጽዋ ሐሩር ይህን ያህል መሥራት የቻሉት ሥራው ግልጽ፣ ባለቤቱም የታወቀ ስለነበረ ነው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ የሚነሣውም ለማን አገልግሎት እንደሚውል አከራካሪ አልነበረም።

«የማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያውያን በባለቤትነት በኩል ቆመን እናውቀዋለን። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ሀብት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ ደላንታ አወረደ። እዚያም ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ ብራናዎቹን በብዛት ገዛ፤ የጨረታው ገንዘብም ለወታደሮቹ በየድርሻቸው ተከፋፈለ። አሠራሩ ሥርዓት ያለው ነበር፦ መዝገብ፣ ጨረታ፣ ድርሻ። የተከፋፈሉት ግን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ንብረት የሆነ የሰው ሀብት ነበር። ለአንድ ወታደር የደረሰው አራት ዶላር ገደማ ከተበላ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የመጻሕፍቱና የታቦቶቹ ይመለሱልን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በመካከላቸው የቱንም ያህል በቅንነት ቢከፋፈሉ፣ የሀብቱ ባለቤት ያላወቀው ክፍፍል አይጸናም።

የባሕር ላይ ፍርዶችም ይህንኑ ያሳያሉ። መርሴዲስ የተባለችው የስፔን የጦር መርከብ በ1804 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ጠረፍ ወዲያ በእንግሊዞች ተመትታ ሰጠመች። በ2007 እ.ኤ.አ. ኦዲሲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ስድስት መቶ ሺሕ የሚጠጋ፣ 17 ቶን የሚመዝን የብርና የወርቅ ሳንቲም አወጣና በአውሮፕላን ፍሎሪዳ አገባው። ስፔን የጦር መርከቤ ናት፣ የዜጎቼም መቃብር ናት ብላ ከሰሰች። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለስፔን ፈረዱ፤ በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. ሳንቲሞቹ በስፔን የጦር አውሮፕላኖች ተጭነው ሄዱ። ኩባንያው ለፍለጋው፣ ለማውጣቱና ለማጽዳቱ ያወጣው ወጪ ባክኖ ቀረ።

ቲላዋ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ደግሞ በኅዳር 1942 እ.ኤ.አ. ከቦምቤይ ወደ ደርባን ስትሄድ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመታች፤ 280 ሰዎችም ሞቱ። ለደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሳንቲም መሥሪያ የሚሆን የብር ጡብ ጭና ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ 2,364 ጡቦች ከሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ አውጥቶ ሳውዝሃምፕተን አደረሰና የማዳን ሥራ ወሮታ ጠየቀ። ክርክሩ እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ደቡብ አፍሪካ በዚህ ጉዳይ ልትከሰስ አትችልም ብሎ ወሰነ።

ከእነዚህ ጋር የእንግሊዟን የጦር መርከብ ኤድንብራን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በግንቦት 1942 እ.ኤ.አ. ከሶቪየት ኅብረት ለጦር መሣሪያ ክፍያ የሚሆን 465 የወርቅ ጡብ ጭና በባረንትስ ባሕር ሰጠመች። ኪት ጄሶፕ የተባለው ጠላቂ ወርቁን ለማውጣት ሲነሣ ከሁለቱ መንግሥታት፣ ከብሪታንያና ከሶቪየት ኅብረት፣ ጋር አስቀድሞ ውል ተደረገ። ውሉ ምንም ካልወጣ ምንም የማይከፈል መሆኑን ያስቀምጣል። ከወጣ 45 በመቶው የአውጪዎቹ፣ የቀረው ሁለት ሦስተኛ የሶቪየት፣ አንድ ሦስተኛ የብሪታንያ ይሆናል። በ1981 እ.ኤ.አ. 245 ሜትር ጥልቀት ላይ ወርደው 431 ጡብ አወጡ። መርከቧ የባሕረኞች መቃብር በመሆኗም ሥራው በዚያው ክብር እንዲከናወን ተደረገ። ክፍፍሉም በውሉ መሠረት ሆነ። የወርቁ ብዛት ሳይሆን ቀድሞ የተፈረመው ወረቀት ነው ይህን ፍለጋ ከሌሎቹ የለየው።

ድርሻና እምነት

ሁለተኛው የጥፋት ምንጭ በቡድኑ ውስጥ ነው። ሴንትራል አሜሪካ የተባለችው መርከብ በመስከረም 1857 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ወርቅ ጭና በማዕበል ሰጠመች፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ቶሚ ቶምሰን የተባለው መሐንዲስ ከ161 ባለሀብቶች 12.7 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ በ1988 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አገኛት። ግኝቱ ታላቅ የምሕንድስና ድል ነበር። ጥንት ካሳ የከፈልነው እኛ ነን ያሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሲከራከሩ ፍርድ ቤት ከሀብቱ 92 በመቶውን ለአግኚው ቡድን ፈረደ። ቡድኑ ከውጭ ባላንጣው ጋር አሸነፈ፤ በውስጥ ግን ተሰነጠቀ። ወርቁ ተሽጦ ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ድርሻችን አልደረሰንም ብለው በ2005 እ.ኤ.አ. ከሰሱ። ቶምሰን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተሰወረ፤ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ሆቴል ውስጥ ተያዘ። አምስት መቶ የወርቅ ሳንቲም የት እንዳለ አልናገርም በማለቱም ለረጅም ዓመታት ታሰረ።

በእኛ ዘንድ ገንዘብ በጋራ የማዋጣት ባህል ጠንካራ ነው። እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ዋስ ያስጠራል፣ ዕጣ በአደባባይ ያወጣል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን ገንዘቡ ተቆጥሮ የታወቀ በመሆኑ ነው፤ የገባው ያው ይወጣል። የሀብት ፍለጋ ማኅበር ከእቁብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሚገባው መዋጮ እርግጥ ነው፣ የሚወጣው ግን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ለእቁብ የሚበቃው የአፍ ስምምነት ለዚህ አይበቃም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ለእንዲህ ያለ ጥረት የሚመረጡ ቅርጾች ያስቀምጣል። የእሽሙር ማኅበር ለሦስተኛ ወገን ሳይገለጽ በአባላቱ መካከል ብቻ የሚጸና ውል ነው፤ የሕግ ሰውነት የለውም። ለመመሥረት ቀላል ቢሆንም፣ ከውጭ ሰው ጋር ውል የሚፈርመው አባል ኃላፊነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ዕዳ ሲመጣ ሌሎቹ ዞር ሊሉ ይችላሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ2 እስከ 50 አባላት ይይዛል፤ ኪሳራውም ካዋጡት ገንዘብ አያልፍም። ከዚያ ሰፋ ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚሻ አክሲዮን ማኅበር መሆን ይኖርበታል፤ ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮንም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ቁጥጥር ውስጥ ይገባል። ይህን ደረጃ ሳያልፍ «የሰመጠ ወርቅ አገኘን፣ አክሲዮን ግዙ» የሚል ሰው ሲመጣ ገንዘብን መያዝ ብልህነት ነው።

ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት የሚያዋጣ አባልም አለ። ጠላቂው፣ ካፒቴኑ፣ መዝገብ ያዡ ከባለገንዘቡ እኩል ይደክማሉ። ብዙ ቡድን የሚጣላው ገንዘብ ያዋጣውና ነፍሱን ያዋጣው ሰው ድርሻቸው ቀድሞ ስላልተለየ ነው። ውሉ የሁለቱንም መዋጮ በቁጥር ማስፈር አለበት። አባል ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ልውጣ ሲል ድርሻው ምን እንደሚሆንም መጻፍ ይኖርበታል።

ጥልቀቱና ወሬው

ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ የሰውነት ላይ ጫና በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። ጠላቂው በጫና የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ቶሎ ከወጣ ጋዙ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። በ1900 እ.ኤ.አ. የሲሚ ደሴት ስፖንጅ ጠላቂዎች በአንቲኪቴራ ጥንታዊ መርከብ ሲያገኙ ለግሪክ መንግሥት አሳወቁ፤ ባሕር ኃይሉም ደገፋቸው። ዓለም የሚደነቅበት የነሐስ የሥነ ፈለክ መሣሪያ የወጣው በእነርሱ እጅ ነው። ሆኖም አንድ ጠላቂ ሞተ፣ ሁለቱ ሽባ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ረቅቋል። ቱርክ ውስጥ በኡሉቡሩን የተገኘው የነሐስ ዘመን መርከብ ከ1984 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ22,000 በሚበልጥ ጠለቃ ተጠና። እያንዳንዱ ጠላቂ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ሥራውን ያሳካው ትዕግሥቱ ነው።

ወሬም እንደ ጥልቀቱ ያሰምጣል። ጆን ባሪ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በነሐሴ 1944 እ.ኤ.አ. ከኦማን ጠረፍ ወዲያ በጀርመን ሰርጓጅ ተመታች። ለሳዑዲ ዓረቢያ የተሠራ ሦስት ሚሊዮን የብር ሪያል ጭና ነበር። ከዚያ በላይ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ የብር ጡብ አለ የሚል ወሬ ለዓመታት ተናፈሰ። የማውጣት መብቱን ከአሜሪካ መንግሥት የገዛ ቡድን በ1994 እ.ኤ.አ. ከ2,600 ሜትር ጥልቀት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሪያል አወጣ፤ የብር ጡብ ግን አልተገኘም። የጭነት ሰነድ የመሰከረለት ወጣ፤ በወሬ የተነገረው አልወጣም። በእኛም ዘንድ በየመንደሩ ስለተቀበረ ጠገራ ብር የሚነገረው እንዲሁ በሰነድ መፈተን አለበት። ማን ቀበረው? በየትኛው ዓመት? ማን አየ? የት ተጻፈ?

ሕጋችንና ሐይቃችን

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤቱ ሳይታወቅ የኖረ የተሸሸገ ወይም የተቀበረ ሀብት ሲገኝ ለተገኘበት ንብረት ባለቤት እንደሚሆን፣ በአጋጣሚ ያገኘው ሰውም የዋጋውን እኩሌታ ወሮታ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ጥንታዊ ቅርስ ግን በልዩ ሕግ ይመራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ዛሬ ይህን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። በዓለም ደረጃም በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት ቢያንስ መቶ ዓመት ውኃ ውስጥ የቆየን ቅርስ ለንግድ መበዝበዝን ይከለክላል።

የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቀቱ 22 ሜትር ገደማ ነው። ወርቅ የጫኑ መርከቦች የሚመላለሱበት አልነበረም፤ ሀብቱ ቆሮሶና አምባዛ ነው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያወጡት ሰዎች ጀልባና መረብ ተጋርተው የሚሠሩ ናቸው፤ ስለ ጋራ ሥራ ብዙ ያውቃሉ። ውኃ ውስጥ ያለን ነገር ለማጥናት የሚሻ ወጣት ቡድን ከእነርሱ ጀልባ አያያዝን፣ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ የሐይቅ ጥናትን፣ ከቅርስ ባለሙያ አመዘጋገብን ሊማር ይችላል። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በባሕር ደረጃ የተሠራ የጠለቃ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራበትም። ከላይ ያለው አየር ስስ በመሆኑ መውጫው ላይ የሚጠበቀው ጊዜ መጨመር አለበት። ይህን የማያውቅ ጠላቂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው ብሎ ሊሞት ይችላል።

በጣና ያለው ምሳሌ ደግሞ የመጠበቅ ነው። ደንገል ታንኳ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የሐይቁ ውድ ሀብት በደሴቶቹ ገዳማት ዕቃ ቤት አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲለደስን አፅም ጨምሮ የነገሥታትን ቅሪት በማኅበር ጠብቃ አቆይታለች። እዚያ ማኅበሩ የሚጠብቀው ሀብት በድርሻ የሚከፋፈል አይደለም፤ የሚወረስ ነው።

የሰመጠ ሀብት ፍለጋ ማኅበር መመሥረት ነውር የለበትም። ድፍረት፣ ምሕንድስናና ትብብር ይጠይቃል፤ አገርም በእነዚህ ትጠቀማለች። በቀይ ባሕር ያሉ የአክሱም ዘመን መርከቦች የኢትዮጵያና የኤርትራ ሊቃውንት አብረው ሊያጠኑት የሚገባ የጋራ ታሪክ ናቸው። ይህን ያህል ሥራ ሲጠብቀን ጉልበታችን በወሬ ጉድጓድና በማይጸና ክፍፍል ማለቅ የለበትም። ስለዚህ ማንም ሰው በእንዲህ ያለ ማኅበር እንዲገባ ሲጋበዝ ከማዋጣቱ በፊት ሦስት ወረቀት ይጠይቅ፦ ሀብቱ መኖሩን የሚመሰክር የጽሑፍ ማስረጃ፣ የባለቤቱ ወይም የመንግሥት ፈቃድ፣ እና የገንዘብንም የጉልበትንም ድርሻ የሚለይ ውል። ሦስቱ ከተሟሉ በሙሉ ልብ ይግባ። አንዱ ከጎደለ ግን የጋባዡ ወዳጅነትም ሆነ የሀብቱ ትልቅነት አያታልለው፤ ገንዘቡን ይዞ ይቆይ።